105ኛው ሰው፦ የይመር ወንድማማቾች የቴኒስ ሕይወት እንዴት ጀመረ?

ባለፈው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ነበር። ጎናችን ያሉት ልጆች ስልካቸው ላይ የውርርድ ዝርዝር እያገላበጡ ነው። እግር ኳሱን ጨርሰው ቴኒሱ ጋር ደረሱ። አንደኛው ድንገት ቆም አለና «ይመር? ይሄ የኛ ሰው ነው እንዴ?» አለ። ጓደኛው ጠጋ ብሎ አየና «ባንዲራው የስዊድን ነው ባክህ፣ የኛ ሰው ከየት መጥቶ!» አለው። ክርክሩ አንድ ደቂቃ እንኳን አልቆየም፣ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ።

ነገሩ ግን ሁለቱም ልክ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ይመር ማን እንደሆነ፣ ቴኒስ እንዴት እንደጀመረ፣ እና አንድ ወጣት የሜዳ ቴኒስ ፕሮፌሽናል ልሁን ሲል ምን እንደሚጠብቀው ከሥሩ እናስረዳችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው።)

📌 ከስካራ የወጡት ልጆች

ኤልያስ ይመር በ1996፣ ታናሽ ወንድሙ ሚካኤል ይመር ደግሞ በ1998 ስዊድን ውስጥ ስካራ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። እናትና አባታቸው ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። አባታቸው የረጅም ርቀት ሯጭ የነበሩ፣ እናታቸው ሐኪም ናቸው። ማለትም ቤቱ የሩጫ ቤት ነበር፤ ልጆቹ ግን ራኬት አነሱ።

ስዊድን ደግሞ በቴኒስ ዝም ብላ የምትታለፍ አገር አይደለችም። ቢዮርን ቦርግ 11፣ ማትስ ቪላንደር 7፣ ስቴፋን ኤድበርግ 6 የግራንድ ስላም የነጠላ ዋንጫ ያነሱት ለስዊድን ተጫውተው ነው። ክረምቱ ረጅምና ብርዳም ስለሆነም በየከተማው ጣሪያ ያለው የቴኒስ አዳራሽ የተለመደ ነገር ነው። በትንሽ ከተማ የሚያድግ ልጅም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ የሚጫወትበት ቦታ አያጣም።

የይመር ልጆች ሲደርሱ ግን ያ የወርቅ ዘመን አልፎ ነበር። አገሪቱ ቀጣዩን ቦርግ ስትፈልግ ኖራ ዓይኗን የጣለችው በእነዚህ ሁለት ኢትዮጵያዊ ስም በያዙ ወጣቶች ላይ ሆነ። ገና ጢም ሳያወጡ የተሸከሙት ጫና ቀላል አልነበረም።

📌 መጀመሪያ መሰላሉን እንወቅ

እግር ኳስ ላይ ክለብ ያስፈርምሃል፣ ደሞዝ ይከፍልሃል፣ ትኬትህን ይቆርጥልሃል። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ብትቀመጥም ደሞዝህ ይገባል። ቴኒስ ላይ ይሄ የለም። ተጫዋቹ ራሱ ክለብ፣ ራሱ ሥራ አስኪያጅ፣ ራሱ ከፋይ ነው። ካላሸነፈ አይከፈለውም።

ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ በግርድፉ እንዲህ ናቸው፦

▪️ የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽን የሚያዘጋጃቸው ትንንሽ ውድድሮች። የትንሹ ውድድር ጠቅላላ ሽልማት 15 ሺህ ዶላር ነው፤ ይሄ ለሁሉም ተጫዋቾች የሚከፋፈል ነው።

▪️ ቻሌንጀር የሚባሉት መካከለኛ ውድድሮች። እዚህ ከላይ የወረዱና ከታች የሚወጡ ይገናኛሉ።

▪️ ዋናው የኤቲፒ ቱር፣ 250፣ 500 እና 1000 ተብሎ የሚከፈለው። ቁጥሩ ሻምፒዮኑ የሚያገኘው ነጥብ ነው።

▪️ አራቱ ግራንድ ስላሞች፦ የአውስትራሊያ ኦፕን፣ ሮላን ጋሮስ፣ ዊምብልደን እና ዩኤስ ኦፕን። ሻምፒዮኑ 2000 ነጥብ ይወስዳል።

ነጥቡ ተደምሮ የዓለም ደረጃህን ይሰጥሃል። ግን አንድ ችግር አለው፦ ነጥብ የሚቆየው 52 ሳምንት ብቻ ነው። ዛሬ ያገኘኸው ነጥብ የዛሬ ዓመት ይቃጠላል። አምና በዚህ ሳምንት ዋንጫ ከበላህ ዘንድሮ ደግሞ ካልበላህ ደረጃህ ይወርዳል። ተጫዋቾቹ «ነጥብ መከላከል» የሚሉት ይሄንን ነው። ተጎድተህ ስድስት ወር ከተኛህ ደግሞ ደረጃህ እያየኸው ይንሸራተታል።

📌 የኤልያስ 2015

አሁን ወደ ኤልያስ እንመለስ። በግራንድ ስላም የወንዶች ነጠላ ዋና ውድድር የሚጫወቱት 128 ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ 104ቱ በዓለም ደረጃቸው በቀጥታ ይገባሉ። 8ቱ ዋይልድ ካርድ፣ ማለትም አዘጋጁ በፈቃዱ የሚሰጠውን የግብዣ ቦታ ያገኛሉ። የቀሩት 16 ቦታዎች በማጣሪያ ነው የሚሞሉት።

ማጣሪያው ውስጥ ሌላ 128 ሰው አለ። ዋናው ውድድር ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ካሜራው ሳይበዛ፣ ተመልካቹ ሳይሞላ ይጫወታሉ። ለማለፍ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ ግድ ነው። አንዷን ከተሸነፍክ ሻንጣህን ትዘጋለህ።

ኤልያስ በ2015 የአራቱንም ግራንድ ስላሞች ማጣሪያ አለፈ። አራቱንም! ሜልቦርን ላይ ሲጀምር 18 ዓመቱ ነበር፣ ኒው ዮርክ ላይ ሲጨርስ 19። ስሌቱን እናንተው ሥሩት፦ አራት ጊዜ ሦስት፣ 12 የማጣሪያ ጨዋታ ያለ አንድ ሽንፈት። በአንድ ዓመት፣ በሦስት ዓይነት ሜዳ፦ በጠንካራው፣ በሸክላ አፈሩ እና በሣሩ። ያለፉት ሰዎችም ቀላል አልነበሩም፤ ብዙዎቹ በዕድሜም በልምድም ይበልጡታል።

በዚያው ዓመት ባርሴሎና ላይ የአውስትራሊያውን ኒክ ኪርዮስን አሸነፈ። ዊምብልደን ላይ ደግሞ ማጣሪያውን አልፎ ሲገባ ዕጣው ከኢቮ ካርሎቪች ጋር ጣለው። ካርሎቪች 2 ሜትር ከ11 የሚረዝም፣ ኳስ ሲመታ ከፎቅ ላይ የሚወረውር የሚመስል ሰው ነው። በሣር ሜዳ ላይ ለ19 ዓመት ልጅ ከዚህ የባሰ ዕጣ አይገኝም፤ ተሸነፈ።

በ2016 ደግሞ ወንድማማቾቹ ስቶክሆልም ላይ ተጣምረው በጥንድ ተጫወቱ፣ ዋንጫውንም አነሱ። ታላቁ 20፣ ታናሹ 18 ዓመታቸው ነበር። የኤቲፒ ዋንጫ፣ በገዛ አገራቸው ዋና ከተማ፣ ወንድም ከወንድም ጋር።

እስካሁን ያለውን ስታነቡ «ይሄ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንደኛዎቹ ውስጥ ይገባል» ትሉ ይሆናል። ብዙ ሰውም እንደዛ ብሎ ነበር።

📌 105

ኤልያስ በነጠላ የደረሰበት ከፍተኛው የዓለም ደረጃ 105 ነው። በ2018 ሰኔ ላይ።

ቅድም የጻፍነውን ቁጥር አስታወሳችሁ? ግራንድ ስላም በቀጥታ የሚያስገባው 104 ነው። 105 ማለት እንግዲህ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሞ ቁልፉ የሌለው ሰው ማለት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ነገሩ እንደ ሂሳብ ድርቅ ያለ አይደለም። ዝርዝሩ የሚቆረጠው ውድድሩ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ባለው ደረጃ ነው። ከላይ ያሉት ሲጎዱና ሲቀሩ ደግሞ ከሥር ያሉት ይገባሉ። ስለዚህ በትክክለኛው ሳምንት 105ኛ የሆነ ሰው ሊቀናው ይችላል። ግን በዓመት አራት ጊዜ «ማን ይቀር ይሆን?» እያሉ የሰው ጉዳት መጠበቅ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ለምንድነው ይሄን ያህል የሚያንገበግበው? ገንዘቡ ነው። በግራንድ ስላም ዋና ውድድር የመጀመሪያ ዙር ላይ የተሸነፈ ሰው እንኳን የሚያገኘው ክፍያ የአሠልጣኝና የጉዞ ወጪውን ትልቁን ክፍል ይሸፍንለታል። አራቱንም በቀጥታ የሚገባ ተጫዋች ዓመቱን ተረጋግቶ ያቅዳል። ከመስመሩ ውጪ ያለው ግን በየሳምንቱ ያሰላል፦ ትኬት፣ ሆቴል፣ ምግብ፣ የራኬት ጅማት፣ አሠልጣኝ፣ የአካል ሐኪም።

ከታች ያለው ደግሞ ይብሳል። በ15 ሺህ ዶላሩ ውድድር ሻምፒዮኑ የሚወስደው 2,160 ዶላር ነው። መጀመሪያ ዙር ላይ የተሸነፈው 156 ዶላር ያገኛል፣ ግብር ሳይቆረጥ። የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽን የ2013ን ውድድር ዓመት ሲያጠና በፕሮፌሽናል ውድድር ከተሳተፉት ወደ 14 ሺህ ሰዎች ግማሽ ያህሉ አንድም ዶላር ሽልማት አላገኙም ነበር። ወጪና ገቢ እኩል የሚሆነውም ወንዶች ላይ 336ኛ ደረጃ አካባቢ ነበር፤ ያውም የአሠልጣኝ ክፍያ ሳይገባ።

እስቲ አስቡት፦ በሙያህ ከዓለም 337ኛ ሆነህ ኪሳራ ላይ መሆን። በሌላ በየትኛው ሥራ ነው እንዲህ የሚሆነው?

እዚህ ላይ ለጁስ ቤቶቹ ልጆች አንዲት ነገር እንንገራቸው። እነዚያ የማታውቋቸው ስሞች፣ በማታውቁት ከተማ፣ ማክሰኞ ከሰዓት የሚጫወቱት፣ አብዛኞቹ እነዚህ ኪሳራ ላይ ያሉ ወጣቶች ናቸው። በ2018 የወጣው የገለልተኛ አጣሪዎች ሪፖርት የጨዋታ ማጭበርበር ችግር የከፋው በታችኛው ደረጃ እንደሆነ ያሳየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትንሽ ክፍያና ብዙ ውርርድ እዚያ ይገናኛሉ። የተበላ ቲኬት ይዞ የተጫዋቹ ገጽ ላይ ገብቶ መሳደብም አለ። የተሰደበው ልጅ ግን ያን ቀን የሆቴሉን ሂሳብ ለመክፈል ሲደምር ሊሆን ይችላል።

📌 ታናሹ በሩን ከፈተው

ሚካኤል በ16 ዓመቱ፣ በ2015፣ የዊምብልደን ታዳጊዎች ፍጻሜ ደርሶ በአሜሪካዊው ራይሊ ኦፔልካ ተሸነፈ። ሁሉም ሰው «ሊፈነዳ ነው» አለ። ግን ከታዳጊ ወደ አዋቂ የሚወስደው ድልድይ ረጅም ነው። ፍሬው የታየው በ2019 ነው፤ በአንድ ዓመት አራት የቻሌንጀር ዋንጫ አነሳና ዕድሜያቸው 21 እና ከዚያ በታች የሆኑ ምርጦች የሚጋጠሙበት ሚላን ላይ ተጋበዘ። ከፍጻሜው እስከዚያ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። ይሄንን ያዙልን፦ ጎበዝ የተባለ ልጅ እንኳን አራት ዓመት መሰላል ላይ ነበር።

በ2021 የአውስትራሊያ ኦፕን ሁለተኛ ዙር ላይ አንድ የ17 ዓመት ስፔናዊ ገጠመው። ማጣሪያ አልፎ የመጣ ልጅ ነው። ሚካኤል አሸነፈው። የልጁ ስም ካርሎስ አልካራዝ ይባላል። ዛሬ ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልገንም።

በ2023 ሚካኤል የዓለም 50ኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ዊምብልደን ላይ በአሜሪካዊው ቴይለር ፍሪትዝ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 3 ለ 2 ገልብጦ ሦስተኛ ዙር ገባ። ታላቅ ወንድሙ የቆመበትን በር ታናሹ ከፍቶ አልፎ ነበር።

ከዚያ ድል በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዱላው መጣ።

ነገሩን እናስረዳ። በከፍተኛ ደረጃ ያሉ ስፖርተኞች፣ የኛ ሯጮችም ጭምር፣ በየቀኑ የሚገኙበትን ቦታና አንድ የተወሰነ ሰዓት አስቀድመው በሲስተም ያስመዘግባሉ። ያለ ማስጠንቀቂያ የዶፒንግ መርማሪ ይመጣል። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ከሌለህ «አመለጠ» ተብሎ ይመዘገባል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሆነ፣ ምንም ዓይነት የተከለከለ ነገር ሰውነትህ ውስጥ ባይገኝም፣ ጥፋት ነው።

ሚካኤል በ2021 ሦስት ተመዘገበበት። በ2022 ጉዳዩን ያየው ገለልተኛ ችሎት ጥፋተኛ አይደለም አለው። የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽን ይግባኝ ጠየቀ። በሐምሌ 2023 ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገልብጦ 18 ወር አገደው። የተከለከለ ነገር ተጠቀመ አላለም፤ ጥፋቱ ሦስቱ ያመለጡ ቀጠሮዎች ናቸው። በቀጣዩ ወር ሚካኤል፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ ቴኒስ ማቆሙን በማኅበራዊ ገጹ አስታወቀ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሌላ ምዕራፍ ነው። ዛሬ የያዝነው አጀማመሩን ነው፤ ከአጀማመሩ ግን ይሄ ትምህርት አይቀርም። ፕሮፌሽናል መሆን ኳስ መምታት ብቻ አይደለም። ስልክህ ላይ የቀየርከውን ሆቴል ማስተካከል መርሳት የፎርሃንድህን ያህል ዋጋ ሊያስከፍልህ ይችላል። ሯጭ የሆናችሁ፣ ሯጭ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ይቺን አንቀጽ አስነብቧቸው።

📌 ተክለ ሃይማኖት ቢወለዱስ?

ሁላችንም የምናስበውን ጥያቄ እናንሳው። ኤልያስና ሚካኤል ከመርካቶ ወደ ጥቁር አንበሳ በሚወስደው መንገድ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ቢወለዱ ኖሮስ?

እኛ ሰፈር ኳስ ሲባል እግር ኳስ ነው። ልደታ ላይ «ኮርት» ብትል ደግሞ የሚያሳዩህ ፍርድ ቤቱን ነው 😄። ግን ችግሩ ሜዳ ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር እንጥቀስ።

አንደኛ፣ አየሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይፈጥናል፣ ይነጥራል፣ ከመስመር ይወጣል። ለዚህ ተብሎ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተለየ ኳስ በሕጉ ተፈቅዷል። እዚህ የለመደ ልጅ ሜዳው ከባሕር አጠገብ ሲሆንበት ኳሱ የከበደው ይመስለዋል፤ እንደገና መልመድ አለበት። ሯጮቻችንን የጠቀመው ከፍታ ለቴኒስ ልጅ ሌላ የቤት ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ፓስፖርቱ። ስዊድናዊው ኤልያስ ዛሬ ጣሊያን ተሸንፎ በሚቀጥለው ሳምንት ስፔን መጫወት ይችላል። የኛ ልጅ ለሸንገን ቪዛ ብቻ በመደበኛው 45 ቀን ይጠብቃል። ውድድሮቹ ግን በየሳምንቱ ናቸው፣ የተሳታፊው ዝርዝርም የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀር ነው። ሂሳቡ አይገጥምም።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ። ነጥብ የሚገኘው ተጫውቶ ነው። አቅራቢያህ ብዙ ውድድር ከሌለ ለእያንዳንዷ ነጥብ አውሮፕላን ትሳፈራለህ።

ታዲያ አይቻልም ማለት ነው? አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያን እንይ። አንጄላ ኦኩቶዪ ናይሮቢ ውስጥ አያቷ ያሳደጓት ልጅ ናት። በፌዴሬሽኑ የአፍሪካ ማሠልጠኛ በኩል አልፋ በ2022 የዊምብልደን ታዳጊ ሴቶች የጥንድ ዋንጫን አነሳች፤ ከኬንያ የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ ግን በቀጥታ ወደ 156 ዶላሩ ሕይወት አልዘለለችም። አሜሪካ ውስጥ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገብታ እየተማረች ተጫወተች። በ2024 አክራ በተካሄደው የአፍሪካ ጨዋታዎችም በነጠላ ወርቅ ወሰደች።

ይሄ መንገድ ብዙ የማይወራለት ግን ለኛ ልጆች የሚቀርበው ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለቴኒስ ተጫዋች የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። አሠልጣኝ፣ ሜዳ፣ ምግብ፣ ትኬት በትምህርት ቤቱ ነው። ቪዛውም የአንድ ሳምንት ውድድር ሳይሆን የዓመታት ትምህርት ነው። 104 ውስጥ ባትገባ እንኳን ዲግሪህ አይቃጠልም። እንደ ነጥብ 52 ሳምንት ብቻ አይቆይም።

ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ራኬት የያዘ ልጅ ካያችሁ «የሀብታም ጨዋታ» ብላችሁ አታሳልፉት። የክፍል ውጤቱንም ጠይቁት፣ እንግሊዝኛውንም አበረታቱት። ለእሱ ሁለቱ አንድ መሰላል ናቸው።

ወደ ጁስ ቤቱ እንመለስና፣ አዎ ወንድሜ፣ ይመር የኛ ሰው ነው፤ ባንዲራውም የስዊድን ነው። ስሙን ከኢትዮጵያ፣ ሜዳውንና ፓስፖርቱን ከስዊድን አገኘ። ያን ሁሉ ይዞም፣ በ19 ዓመቱ አራቱንም ማጣሪያ ያለፈ ልጅ ሆኖም፣ ጫፍ ብሎ የደረሰበት ቁጥር 105 ነው። እኛ ይሄን እንደ ውድቀት አናየውም። በዚህ ስፖርት ከዓለም 105ኛ መሆን ስንት ሰው ጥሎ ማለፍ እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁና።

በሚቀጥለው ዝርዝሩን ስታገላብጡ ያ ስም ከመጣ ትንሽ ቆም በሉለት። 🎾